ውጤት ይዞ የሚመጣ ሰው

ካኮ ገበያዋ ሰኞ ነው። በሌላው ቀን ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ዳር ጸጥ ብላ ትውላለች፤ ሰኞ ሲደርስ ግን በናዎች ከየመንደራቸው ይመጡና አየሩ ራሱ ይለወጣል። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰውታል፤ ፀሐይ ሲነካው ቅቤው ቀስ እያለ ይቀልጥና በአንገታቸው ይወርዳል። ፍየሉ ይጮኻል፣ ትምባሆው ይሸታል፣ ማሩ በቅል ሞልቶ ይቀርባል። ከዛፉ ሥር ደግሞ የቡና ገለባ በማሰሮ ይንተከተካል። በቅል ተቀድቶ ሲሰጡህ መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ አፈር አፈር የሚለው ጣዕሙ፣ ከዚያም ምላስ ላይ የሚቀረው ትንሽ ጣፋጭነት ይመጣል።

ኑሮዬ ሐዋሳ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው መስከረም የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ ተብሎ እህቴ ስለ ልጇ ስትደውልልኝ ካኮ ሄድኩ። የደረስኩት ሰኞ ነበር። ቅሉን ተቀብዬ ወደ አፌ ሳስጠጋው ትዝ ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ ከአይሱዙ ላይ፣ ከጆንያ መሃል፣ አቧራውን ከሱሪው እያራገፈ የሚወርድ የሒሳብ መምህራችን።

ጊዜው 1997 ነው። ያኔ የእኛ ሰፈር ልጅ ስምንተኛን ሲጨርስ ጂንካ ይገባል፤ ወይ ዘመድ ይጠጋል፣ ወይ ከሦስትና ከአራት ጓደኛ ጋር ቤት ይከራያል። አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ሆኖ መጥቶ ካኮ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ጂንካ ያረፍኩት እህቱ ዘንድ ነው። እታባ እላት ነበር። ጓደኛዬ የበና ልጅ ነው። አባቱና አባቴ ቤል ነበሩ። በበናና በሐመር ሁለት ሰዎች ቤል ከተባባሉ ከብት ይሰጣጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ቤት እንደራሱ ያያል፤ ወዳጅነቱም ለልጆች ይተላለፋል። እኛም ጂንካ አንድ ኩራዝ ለሁለት እያበራን የተማርነው በዚያ ወዳጅነት ነው። ጠዋት ስንነሳ አፍንጫችን ውስጥ ጥላሸት ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ያጠናነው የአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። ያኔ የጂንካ ማረፊያ ከተማዋ መሃል የተዘረጋ ሣር ሜዳ ነበር። ላሞች ይግጡበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከገበያ ወደ ሰፈሩ አቋርጦት ያልፋል። አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ተባሮ ዳር ይቆማል፤ ሲያልፍ ሁሉም ይመለሳል። ጎህ ሲቀድ ሣሩ ላይ ጤዛ እያለ የ12ኛ ክፍል ልጆች ደብተር ይዘን ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን የኬሚስትሪ ቀመር እንሸመድዳለን። ጫማችን ይረጥባል። ጓደኛዬ ባዶ እግሩን ነበር የሚሄደው፤ እንዲህ ሲሆን ይገባኛል ይል ነበር። ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፈው ሌላ ቦታ፣ በደንብ በተሠራ አስፋልት ላይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ደብተር ይዞ የሚመላለስ ልጅ ይኑር አይኑር ለማየት ሄጄ ነበር፤ የጠበቁኝ ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ሁለት ጎረምሶች ናቸው። ምናልባት እነሱም ያጠኑ ይሆናል፤ መጽሐፉ አሁን ስልክ ውስጥ ነው።

ወደ መምህራችን ልመለስ። የፈተናው ስም የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ቢሆንም ሰው ሁሉ ማትሪክ ነበር የሚለው። ውጤቱ ወደ ትምህርት ቤት ይላካል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያልደረሰው ወሬውን ከመኪና ረዳት ይሰማል። እኛ ክረምቱን ካኮ ነበርን። መምህራችን የሁላችንንም ውጤት ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ አራት አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ይዞ መጣ። ማንም አላዘዘውም፣ አበልም የሚከፍለው አልነበረም። ሰኞ ለምን እንደመረጠ የገባኝ በኋላ ነው፤ ገበያ ቀን ስለሆነ ወላጅ ሁሉ አንድ ቦታ ይገኛል።

ሮጬ ስደርስ ፊቴን አየና ሳቅ አለ፤ ማለፌን ከዚያ ሳቅ ተረዳሁት። ወረቀቱን ግን አላወጣም።

«ጓደኛህ የት ነው?»

«ፍየሎቹ ጋ ነው፣ ጋሼ።»

«በል ጥራው። አባቱንም ጥራልኝ።»

«የኔስ ውጤት ጋሼ?»

«ያለፈውን አገር ሁሉ ይነግረዋል። እኔ የመጣሁት ላላለፈው ነው።»

ዛፉ ሥር ተቀመጥን። የጓደኛዬ አባት በርጩማው ላይ፣ መምህሩ ድንጋይ ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። መምህሩ የበናን ቋንቋ አይችልም፣ አባትየው አማርኛ አይሰሙም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስተረጉመው ሁልጊዜ ጓደኛዬ ነበር፤ ጤና ጣቢያም፣ ቀበሌም፣ ፖሊስ ጣቢያም የሁሉ ሰው አፍ እሱ ነው። አሁንም ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ መምህሩ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተርጉም» አለኝ። «ልጅ የገዛ ውጤቱን ለአባቱ አይተረጉምም።»

ተረጎምኩ። የበና ቋንቋዬ የገበያ ቋንቋ ነው፤ ለፍየል ዋጋ ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለ ወሬ አልበቃኝም ነበር። ነጥቡ ለዩኒቨርሲቲ ጥቂት እንደጎደለው፣ ጥፋት እንዳላጠፋ፣ እንግሊዝኛን ከሁላችን ዘግይቶ የጀመረ ልጅ እዚህ መድረሱ ብዙ መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አባትየው ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ተራው የሳቸው የነበረውን ቅል ለልጃቸው ሰጡት። በበና ሽማግሌ ሳይጠጣ ልጅ አይቀድምም። ጓደኛዬ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፤ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መምህራችን በዚህ አላበቃም። ደብተር አውጥቶ ሽፋኑ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ አርባ ምንጭ መምህራን ኮሌጅ፣ ምዝገባው መቼ እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት። በግል እንደገና መፈተን እንደሚችልም ጻፈለት። ማታ ወደ ጂንካ የሚመለስ መኪና ነበር፤ አልሄደም። እነ ጓደኛዬ ቤት ቁርበት ላይ አደረ። ብዙ ጊዜ ሳስበው ከዚያ ቀን ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ማደሩ ነው። ክፉ ወሬ ነግሮ በመጣበት መኪና የሚመለስ ሰው ሞልቷል።

ጓደኛዬ በዚያው ዓመት ከብት ዘልሎ ነበር። አይቻለሁ። ኮርማዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ልጁ ራቁቱን በጀርባቸው ላይ ይሮጣል፣ እህቶቹና የአጎቱ ልጆች መለከት እየነፉ፣ ቃጭል እያንቃጨሉ ይዘላሉ። የሩቅ ሰው የሚያየው የሚሮጠውን ልጅ ነው። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ከኮርማዎቹ ወዲህና ወዲያ ቀንድና ጭራ ጨምድደው የያዙ ወንዶች አሉ፤ ክንዳቸው ላይ ሥሩ ተገታትሯል፣ እግራቸው አፈሩ ውስጥ ገብቷል፤ እነሱ ባይኖሩ ኮርማው ይበተናል፣ ልጁም ይወድቃል። ፈተና ላይ ያለ ልጅም ጭራ የሚይዝለት ይፈልጋል።

እኔ የሄድኩት ሐዋሳ ነው፤ ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያ ዘመን በሁለት እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር፣ ምርጫ ስንሞላም ስማቸውን በቃላችን እናውቅ ነበር። ምርጫውን ያስሞላንም ያው መምህር ነው። አንድ በአንድ እየጠራ መጀመሪያ የሚወዱትን ያስጽፋል፣ ቀጥሎ የትራንስፖርቱን ሒሳብ አብሮ ይሠራል። የጥሪ ማስታወቂያው በሬዲዮ ተነገረ፤ አዲስ ዘመን ላይ የወጣው ጂንካ የደረሰው ቀናት ቆይቶ ነው። ማንኛውም አዲስ ተማሪ ሲመጣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ እንዲይዝ ይላል። ፎቶው ጂንካ ይነሳል። ማስረጃው አለ። ብርድ ልብሱና የመንገዱ ገንዘብ ግን አልነበረም፤ አባቴ ያን ዓመት ታሞ ሥራ ፈትቶ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የጓደኛዬ አባት አንድ ፍየል እየጎተቱ ገበያ ወረዱ። ትልቅ ነጭ ፍየል ነበር። ሸጡት። ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ለአባቴ ሰጡትና ብርድ ልብሱን ራሳቸው መረጡ፤ ግራጫ፣ ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ያለው። የገዛ ልጃቸው በቀረበት ዓመት ነው ይህን ያደረጉት። አባቴ ምንም መናገር አቃተው። የጓደኛዬ እናት ብርድ ልብሱን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ ቤታችን ተሸከሙት፤ ከጸጉራቸው የወረደው ቅቤና ቀይ አፈር ጠጉሩ ውስጥ ገባ።

ዶርም የገባሁ ዕለት ከላይ ያለው አልጋ ላይ የተመደበው የደብረ ብርሃን ልጅ «ምንድነው የሚሸተው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአገሬ ሽታ ነው አልኩት። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ወዲያው ከሻንጣው የእናቱን ቆሎ አውጥቶ አካፈለኝ። ያን ብርድ ልብስ ለረጅም ጊዜ አላጠብኩትም።

አሁን የእህቴ ልጅ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ምን ያህል እንደራቀ ልንገራችሁ። ከ2014 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪው ከቤቱ ተነስቶ ዶርም ይገባል፣ ስልክ ይዞ መግባት አይችልም፣ በር ላይ ይፈተሻል። ይህ የመጣበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ በ2008 ፈተናው ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን፣ ከዚያም በኋላ ኩረጃው ልክ ማጣቱን ሁላችንም አይተናል። መቆሙ ትክክል ነው፤ ለሠራው ልጅ ውጤቱ የሚከብረው እንዲህ ሲሆን ነው። ነገር ግን በዚያ በመጀመሪያው ዓመት 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሹን ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። በ2017 የማለፊያው ልክ 8.4 በመቶ ደረሰ፤ ከፍ ብሏል፣ ግን አሁንም ከመቶ ልጅ ዘጠና ሁለት ያህሉ ቤቱ የሚመለሰው ወድቀሃል ተብሎ ነው። ከመቶ ዘጠናው የሚወድቅበት ነገር የልጁ ጥፋት ብቻ ሊሆን አይችልም። የሒሳብ መምህር ያልነበረው ክፍል አለ፤ ቤተ ሙከራ ምን እንደሚመስል ሳያይ ፊዚክስ የተፈተነ አለ። ይህን እኛ ትልልቆቹ እናውቃለን። ልጁ ግን ሌሊት ብቻውን ስልኩን ሲከፍት አያውቅም።

የእህቴ ልጅም እንዲሁ ነው የሆነችው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ተፈተነች፤ ከእናቷ ቤት ውጭ ስታድር የመጀመሪያዋ ነበር። መስከረም ላይ ውጤቱ በቴሌግራም ተለቀቀ ሲባል ኔትወርክ እስኪመጣ እኩለ ሌሊት ድረስ ጠበቀች። 41 በመቶ። ስልኳን አጠፋች። ጠዋት ውኃ ቀድታ መጣች፣ ቤት ጠረገች፣ ቡና አፈላች። እናቷ ውጤት ወጣ ወይ ስትላት ገና ነው አለቻት። እህቴ ያወቀችው ልጅቷ እህል እንዳልቀመሰች ስታይ ነው፤ ያን ጊዜ «ና፣ ልጄን ላጣት ነው» ብላ ደወለችልኝ።

ስደርስ ጓዳ ነበረች። ጉልበቴን ሳመች፤ ቀና አላለችም።

«ጋሼ፣ አዋረድኳችሁ።»

«ማን አለሽ የኔ እናት?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን ከኔ የተሻለ ሰው እንዳለ አውቄያለሁና ጓደኛዬን ጠራሁት። እሱ ዛሬ መምህር ነው። አርባ ምንጭ ኮሌጅ ገባ፣ ተመርቆ ወደ በና መንደር ተመለሰ፣ ዲግሪውን በክረምት እየተማረ ጨረሰ። ሕፃናት ሳሉ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ማትሪክ ይወስዳሉ። መጥቶ እንደተቀመጠ ስለ ውጤት አላነሳም፤ ገለባ ቡናውን ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ልጅቷ ቀስ ብላ ቀረብ እስክትል ጠበቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ስልኳን ለመናትና በየትምህርቱ ያመጣችውን አብረው አዩ። ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ጥሩ ነው። የጎተታት ፊዚክስና ሒሳብ ነው። «ይሄ ይስተካከላል» አላት፤ እንዴት እንደሚስተካከልም ነገራት። ሪሜዲያል የሚባል መንገድ አለ፤ ግማሹን ያላመጡ፣ ግን ለእሱ የተቆረጠውን ነጥብ የደረሱ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማራሉ፣ ይፈተናሉ፣ 50 በመቶ ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል። የሴትና የአርብቶ አደር አካባቢ ልጅ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረጋል። በዚህ የሚያኮርፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከበና መንደር ተነስቶ በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋ የሚፈተንን ልጅ አይቼ አልከራከራቸውም፣ መጥተው ይዩት እላለሁ።

እህቴን ደግሞ ለብቻዋ ወደ ውጭ ወሰዳት። «ወደቀች የሚል ቃል ከዚህ ቤት አይውጣ» ሲላት ሰማሁት። «ለጎረቤት ምን እንላለን?» አለችው። «ምደባ እየጠበቀች ነው በሉ። እውነት ነው።»

የመግቢያ ነጥቡ እስኪነገር ሳምንታት አለፉ። ከውጤቱ ይልቅ ይህ ጊዜ ነው የሚገድለው፤ ልጁ አልጋ ይዞ ይውላል፣ የቴሌግራም ቻናሉ በየቀኑ የፈጠራ ነጥብ ያወራል። ጓደኛዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየጠራ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትንንሾቹን እንድታስጠና አደረጋት። ነጥቡ ሲወጣ እሷም ደረሰችበት። ምርጫ የሞላችው ጂንካ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነው፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊት ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጋት። በተጨናነቀ መስመር ላይ ተቻኩሎ የነካውን የነካ፣ ሳይፈልግ አገር አቋርጦ የተመደበ ልጅ ስንት እንዳየ ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል።

ምደባዋ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኛ እልል አልን። እሷ አለቀሰች።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ አንተ ሐዋሳ ነው የሄድከው። እኔ ከካኮ ካኮ።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። በኔ ጊዜ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ይኖራታል ያለ ሰው ቢኖር እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። እኔ የወይጦን ሙቀትና የኮንሶን አቀበት አልፌ፣ አርባ ምንጭ አድሬ የሄድኩበትን ነገር እሷ በሚኒባስ ጠዋት ገብታ ማታ ልትመለስ ትችላለች። እናቷ ስትታመም ትደርሳለች፤ ገንዘብ ሲያጥር እህል ይላክላታል። ይህ በረከት ነው። ግን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሩቅ አገር ማየት መፈለጓም እውነት ነው፣ ማንም ተሳስተሻል ሊላት አይገባም። የደብረ ብርሃኑን ልጅና ቆሎውን ነገርኳት። ካምፓሱ ውስጥ ከሰሜንም ከምሥራቅም የመጡ ልጆች እንዳሉ፣ ሩቁ አገር ዶርሟ ድረስ እንደሚመጣ። እንባዋን ጠራረገችና ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ ይላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የሒሳብ መምህራችን ከጂንካ ከተዛወረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጓደኛዬ ያለበትን ሊያገኝ ሞክሮ አልተሳካለትም። እኔ የማስበው ስለ ሥራው ነው፤ ያ ሥራ ስም የለውም፣ መደብ የለውም። በየትምህርት ቤቱ ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ይህን የሚሠራ አንድ ሰው ቢመደብ ስንት ልጅ ይተርፍ ነበር። እስከዚያው ጓደኛዬ በራሱ ጀምሮታል። ውጤት ሊወጣ ሲል የተማሪዎቹን መንደር ይዞራል፣ ማታ ማንም ብቻውን ስልክ እንዳይከፍት ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ያስከፍታል፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጣውን መጀመሪያ ይጠራል።

የዘንድሮዎቹን ዝርዝር ልኮልኛል። ዘጠኝ ናቸው፣ ሦስቱ ሴቶች። ከየስሙ ጎን የወላጅ መንደር፣ የእግር መንገዱ ርዝመት፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ በክብ ምልክት ተለይተዋል። ክቡ አምስት ቦታ ላይ አለ። ሁለቱን አንተ ውሰድልኝ ብሎኛል፤ ለመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ።